ሁመስ በአዲስ አበባ ከፍታ፦ የሽምብራ፣ የውኃና የአትክልት ፊዚክስ

ሁመስ ዛሬ በብዙ አገሮች የሚታወቅ ምግብ ቢሆንም አገሩ የሜዲትራኒያን ባሕር ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው። በሊባኖስ፣ በሶርያ፣ በፍልስጤም፣ በዮርዳኖስና በእስራኤል ከቁርስ ጀምሮ በየገበታው ይገኛል። ቃሉ በዐረብኛ «ሽምብራ» ማለት ሲሆን፣ የምግቡ ሙሉ መጠሪያ «ሁመስ ቢ ጠሒና» ነው፤ ሽምብራ ከተፈጨ ሰሊጥ ጋር እንደ ማለት። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐረብኛ በተጻፉ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ውስጥ ተፈጭቶ፣ በኮምጣጤና በቅመም ተለውሶ፣ ቀዝቅዞ የሚበላ ሽምብራ ተጠቅሶ ይገኛል። «ምግቡ የማን ነው?» የሚለው ክርክር ግን እስከ ዛሬ አልበረደም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2010 የሊባኖስ ምግብ አብሳዮች ቤይሩት አጠገብ ተሰብስበው 10,452 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሁመስ በአንድ ግዙፍ ሳህን አቅርበው የዓለምን ክብረ ወሰን ይዘዋል። ቁጥሩ በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም፤ የሊባኖስ የቆዳ ስፋት 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው።

እኛ ወደዚህ ክርክር አንገባም። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ሁለት ችግሮችን ነው። አንደኛው፦ በቤይሩት የተጻፈውን የአሠራር መመሪያ ቃል በቃል ተከትሎ አዲስ አበባ ላይ ሁመስ የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ልስልስ ሳይሆን አሸዋ አሸዋ የሚል ልውስ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፦ ቀይ ሥር፣ ካሮት ወይም ቃሪያ ተጨምሮበት የአትክልት ሁመስ ይሁን ሲባል ሳህን ላይ የሚንጣለል ቀጭን ነገር ሆኖ መቅረቱ ነው። ሁለቱም ችግሮች የባለሙያዋ የእጅ ጉድለት ተደርገው ሲታዩ እንሰማለን። ነገር ግን የመጀመሪያው ምክንያት የከባቢ አየር ግፊት ሲሆን፣ የሁለተኛው ደግሞ ማንኛውም የ10ኛ ክፍል ተማሪ በወረቀት ላይ ሊሠራው የሚችል የውኃ ሒሳብ ነው።

የመዘፍዘፊያው ሌሊት

ደረቅ ሽምብራ ከመቶው 10 ገደማ ብቻ ውኃ አለው። ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ሲያድር ከራሱ ክብደት ጋር የሚስተካከል ውኃ ይጠጣል፤ 250 ግራም የነበረው ጠዋት ወደ 500 ግራም ተጠግቶ ይገኛል። ውኃው ወደ ፍሬው መሐል የሚደርሰው በሥርጸት ነው። በሥርጸት የሚጓዝ ነገር የሚወስደው ጊዜ ከርቀቱ ጋር ሳይሆን ከርቀቱ ስኩዌር ጋር ይመጣጠናል። ስለዚህ ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር የሆነ ፍሬ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነው ይልቅ መሐሉ እስኪርስ 1.8 እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈልጋል፤ 8 ሲካፈል ለ6 በራሱ ቢባዛ የሚገኘው ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ስሌት ሁለቱም ፍሬዎች አንድ ዓይነት ገለባ እንዳላቸው አድርጎ ያስባል። በአገራችን በብዛት የሚመረተው ደሲ የሚባለው ዓይነት ፍሬው አነስተኛና ቡናማ፣ ገለባውም ወፍራም ነው። ካቡሊ የሚባለው ደግሞ ትልልቅ፣ ነጣ ያለና ገለባው ስስ ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ ለሁመስ የሚመረጠው ካቡሊው ሲሆን፣ ከደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡት እንደ አረርቲ ያሉ የካቡሊ ዝርያዎች እኛም ዘንድ ስለሚመረቱ በገበያ ማግኘት ይቻላል። በእኛ አስተያየት ግን ለቤት ሥራ ከሁሉ የሚሻለው የሽምብራ ክክ ነው። ገለባው ስለተገፈፈለትና ፍሬው ለሁለት ስለተከፈለ ውኃው የሚጓዘው ርቀት በእጅጉ ያጥራል፤ ከተፈጨ በኋላ ምላስ ላይ የሚቀረው የገለባ ብጣሽም አይኖርም። የተጻፉት መመሪያዎች ክክን እምብዛም የማያነሡት በሚጻፉበት አገር ስላልተለመደ ነው ብለን እንገምታለን።

ክኩን ስንገዛ ግን አንድ ጥንቃቄ አለ። የሽምብራ ክክና የጓያ ክክ በቅርጽም በቀለምም ይቀራረባሉ። ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ ንጥረ ነገር ስላለው ከማይታወቅ ምንጭ የተገኘን ክክ ከመጠቀም ሙሉውን ሽምብራ ገዝቶ መከካት ይመረጣል። ሙሉው ሽምብራ ሹል አፍንጫ ያለው ድቡልቡል ነው፤ ጓያ ደግሞ ሽብልቅ መሰል ማዕዘናም ስለሆነ ሳይከካ በቀላሉ ይለያል።

በ92 ዲግሪ የሚፈላ ውኃ

ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል በመሆኑ የፍሌት ነጥቡ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ወደ ላይ በወጣን መጠን ከበላያችን ያለው የአየር ክምችት ይቀንሳል፤ በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ግፊቱ 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ይሆናል። ለቤት ውስጥ ስሌት በየ300 ሜትሩ ከፍታ የፍሌት ነጥቡ በ1 ዲግሪ ይወርዳል ብሎ መያዝ በቂ ነው። በዚህ መሠረት ውኃ በድሬዳዋ በ96፣ በባሕር ዳር በ94፣ በአዲስ አበባ በ92፣ በደብረ ብርሃን ደግሞ ከ91 ዲግሪ ባነሰ መጠነ ሙቀት ይፈላል። ቤይሩት ከባሕሩ ዳር ስለሆነች 100 ዲግሪዋን አታጣም።

ስምንት ዲግሪ ጥቂት ትመስላለች። ሽምብራ የሚበስለው ግን ሕዋሳቱን እርስ በርስ ያጣበቀው ፔክቲን የተባለው ንጥረ ነገር በኬሚካዊ ለውጥ ተፈርካክሶ ሲሟሟ ነው። የኬሚካዊ ለውጥ ፍጥነት ደግሞ በግምት በየ10 ዲግሪው በእጥፍ ይለወጣል። 2 በ0.8 ርቢ ከፍ ሲል 1.74 ስለሚሆን ቤይሩት ላይ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ሽምብራ አዲስ አበባ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈልጋል ማለት ነው። መመሪያው «አንድ ሰዓት ቀቅሉ» ስላለ በሰዓቱ የሚያወጣ ሰው ያወጣው በግማሽ መንገድ ላይ ያለውን ነው።

እሳቱን ማጋጋል መፍትሔ አይሆንም። ውኃ መፍላት ከጀመረ በኋላ የምንጨምረው ጉልበት ሁሉ ወደ ትነት እንጂ ወደ መጠነ ሙቀት ጭማሪ አይሄድም። አንድ ኪሎ ግራም የፈላ ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ 2.26 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይፈጃል፤ ይህም በኤሌክትሪክ ቆጣሪ 0.63 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የሚንፈቀፈቀውና በዝግታ የሚፈላው ድስት ሁለቱም 92 ዲግሪ ላይ ናቸው። ልዩነታቸው የሚታየው በወሩ መጨረሻ በሚመጣው የመብራት ሒሳብ ላይ ብቻ ነው።

መፍትሔው ፕሬዠር ኩከር ነው። ብዙዎቹ የዚህ ዓይነት ድስቶች ከውጪው ግፊት በላይ 100 ኪሎ ፓስካል ያህል ይጨምራሉ። በአዲስ አበባ 76 ላይ 100 ስንደምር 176 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ በዚህ ግፊት ውኃ የሚፈላው በ116 ዲግሪ ነው። ከ92 ወደ 116 ያለው ልዩነት 24 ዲግሪ በመሆኑ በዚያው በእጥፍ ደንባችን መሠረት ፍጥነቱ ከአምስት እጥፍ በላይ ይጨምራል። አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃው ወደ 20 ደቂቃ ይወርዳል። ለተራራማ አገር ከዚህ የበለጠ ተስማሚ የወጥ ቤት መሣሪያ አናውቅም።

ሽምብራው መብሰሉን የምናረጋግጠው በሰዓት ሳይሆን በጣት ነው። አንዱን ፍሬ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ስንጫነው ምንም ስብርባሪ ሳያስቀር እንደ ቅቤ መጨፍለቅ አለበት። ለሰላጣ የሚሆን ሽምብራ «በሰለ» ሲባልና ለሁመስ የሚሆነው «በሰለ» ሲባል አንድ አይደለም፤ ለሁመስ ከሚገባው በላይ የበሰለ መስሎ መታየት ይኖርበታል።

የውኃው ጠባይም ለውጥ ያመጣል። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት «ጠንካራ» ውኃ የፔክቲን ሰንሰለቶችን እርስ በርስ አስተሳስሮ መለሳለሱን ያዘገያል። አሲድም እንዲሁ ያዘገየዋል፤ ስለዚህ ሎሚ ወይም ቲማቲም በመቀቀያው ውኃ ውስጥ መግባት የለበትም። በተቃራኒው፣ በወጥ ቤት ቋንቋ ቤኪንግ ሶዳ የሚባለው ሶዲየም ባይካርቦኔት ውኃውን ቤዛዊ በማድረግ ፔክቲኑ ቶሎ እንዲፈርስ ይረዳል። ለ250 ግራም ደረቅ ሽምብራ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። ከዚህ ሲበዛ ሳሙና ሳሙና የሚል ጣዕም ይሰጣል፤ ቫይታሚን ቢ1ንም ያጠፋል።

ምላስ የሚያውቀው አሸዋ

በሚገባ የበሰለ ሽምብራ ሲፈጭ ሕዋሳቱ በማጣበቂያቸው በኩል ይለያያሉ እንጂ አይሰባበሩም። እያንዳንዱ ሕዋስ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ገደማ የሚሆን ለስላሳ ከረጢት ነው፤ ምላስ ሲጫነው እጅ ስለሚሰጥ «አሸዋ» ሆኖ አይሰማም። ያልበሰለው ሲፈጭ ግን ማጣበቂያው ከሕዋሱ ግድግዳ ስለሚጠነክር ግድግዳው ይሰነጠቃል፤ ደረቅና ሹል ቁርጥራጮችም ይፈጠራሉ። እነዚህን ቁርጥራጮች ምላስ እጅግ ጥቃቅን ሆነውም እንኳ ለይቶ ያውቃቸዋል። ውድ ማሽን ገዝቶ ያልበሰለን ሽምብራ ለግማሽ ሰዓት መፍጨት ትርፉ ድካም የሆነው ለዚህ ነው።

ሽምብራው ትኩስ ሳለ መፈጨት ይኖርበታል፤ ሲቀዘቅዝ ስታርቹ ይጠጥራል። ብሌንደር ውስጥ ደግሞ አንድ የሚያስቸግር ሁኔታ ይፈጠራል፦ ምላጩ ዙሪያ ባዶ ጉድጓድ ይሠራና ማሽኑ እየጮኸ በአየር ውስጥ ይሽከረከራል፤ ከላይ ያለው ልውስ ግን ንቅንቅ አይልም። ይህ ልውሱ እንደ ውኃ ያለ ተራ ፈሳሽ ባለመሆኑ የሚመጣ ነው። የተወሰነ ጫና እስኪያርፍበት ድረስ እንደ ጠጣር ጸንቶ ይቆማል፤ ጫናው ሲያልፍ ይፈሳል። ይህን ድንበር «የፍሰት ወሰን» እንበለው። ምላጩ አጠገብ ጫናው ከወሰኑ በላይ ስለሆነ ልውሱ ይፈሳል፤ ራቅ ሲል ከወሰኑ በታች ስለሚሆን ባለበት ይቀራል። ማሽኑን አቁሞ በማንኪያ ወደ መሐል መመለስ፣ አንድ ሁለት ማንኪያ ውኃም ጠብ ማድረግ ያስፈልጋል። መብራት ከሌለ ሙቀጫና ወንፊት ሥራውን አሳምረው ይሠሩታል፤ ከኤሌክትሪክ በፊት በነበሩት መቶ ዓመታት ሁመስ የተሠራው በመውቀጥ ነበር።

ጠሒና በሱቅ ባይገኝም ችግር የለም። የሑመራን የመሰለ ነጭ ሰሊጥ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ምጣድ ላይ ቀለሙ ሳይጠቁር ተቆልቶ ከሁለት ማንኪያ ዘይት ጋር ሲፈጭ ጠሒና ይሆናል። የሰሊጥ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ ስለዚህ ጠሒና ማለት በዘይት ውስጥ የተንሳፈፉ የሰሊጥ ብናኞች ማለት ነው። አሁን አንድ ሙከራ እንዲሠራ እንጠይቃለን። በጎድጓዳ ሳህን ጠሒና አድርገን ሎሚ በጥቂት በጥቂቱ ስንጨምርበት ይቀጥናል ብለን የጠበቅነው ነገር ይጓጉላል፣ ይደርቃል፣ ማንኪያም ያቆማል። ጥቂቱ ውኃ ብናኞቹን እንደ ድልድይ ሆኖ እርስ በርስ ስለሚያያይዛቸው ነው። ተስፋ ሳንቆርጥ ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር ስንቀጥል በድንገት ይለሰልስና ይነጣል። በዚያች ቅጽበት ሥርዓቱ ተገልብጧል፤ በዘይት ውስጥ ውኃ የነበረው በውኃ ውስጥ የተበተነ የዘይት ጠብታ፣ ማለትም እንደ ወተት ያለ ኢመልሽን ሆኗል። የነጣውም ልክ እንደ ወተት ነው፤ ጥቃቅኖቹ ጠብታዎች ሁሉንም የብርሃን ቀለም ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበትኑታል።

ነጭ ሽንኩርቱን በሎሚ ጭማቂ ውስጥ መክተፍ ይገባል። የሚያቃጥለውን ጣዕም የሚፈጥረው ሕዋሱ ሲቆረጥ ሥራ የሚጀምር ኢንዛይም ነው፤ የሎሚው አሲድ ኢንዛይሙን ስለሚገታው ሽታው ለዝቦ ጣዕሙ ይቀራል።

የአትክልቱ ውኃ ሒሳብ

መነሻ የሚሆነን መጠን የሚከተለው ነው፦ 500 ግራም የተቀቀለና ውኃው የጠለለ ሽምብራ፣ 120 ግራም ጠሒና፣ 45 ግራም የሎሚ ጭማቂ፣ 60 ግራም ቀዝቃዛ ውኃ፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ጥቂት የተፈጨ ከሙን። የተቀቀለ ሽምብራ ከመቶው 60 ውኃ ነው፤ ይህ 300 ግራም ይሆናል። ሎሚውንና ውኃውን ስንጨምር 405 ግራም፣ ጠሒናውን ከውኃ ነጻ አድርገን ስንቆጥር ጠቅላላው ክብደት 725 ግራም ይሆናል። የውኃው ድርሻ ከመቶ 56 ነው። ይህን ቁጥር እንያዘው።

አሁን 200 ግራም የተቀቀለ ቀይ ሥር እንጨምር። ቀይ ሥር ከመቶው 87 ውኃ በመሆኑ 174 ግራም ውኃ ይዞ ይመጣል። አዲሱ ድምር ከ925 ግራም ውስጥ 579 ግራም ውኃ፣ ማለትም ከመቶ 63 ይሆናል።

ከ56 ወደ 63 መሄድ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይመስልም። ሆኖም ጠጣር ብናኞች የተጨናነቁበት ፈሳሽ ዝልግልግነት ከብናኞቹ ብዛት ጋር በቀጥታ አይመጣጠንም። አልበርት አይንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1906 ባሳተመው ጥናት ብናኞቹ ጥቂት ሲሆኑ ዝልግልግነቱ ከድርሻቸው ጋር በቀጥታ እንደሚያድግ አሳይቷል። የመጀመሪያው ስሌቱ ላይ የነበረውን የቁጥር ስሕተትም ሙከራ የሠሩ ሰዎች ውጤት አልገጥም ሲላቸው ተፈልጎ እ.ኤ.አ. በ1911 ታርሟል፤ ለተማሪዎቻችን ደጋግመን የምንነግረው ታሪክ ነው። ብናኞቹ እየተጠጋጉ ሲሄዱ ግን ቀጥታው መሥመር ወደ ላይ ይታጠፋል፤ መንቀሳቀሻ ሲያጡ ልውሱ ጭራሹን ጠጣር ይሆናል። ጥሩ ሁመስ የሚገኘው በዚህ ታጣፊ መሥመር አቀበት ላይ ነው፤ በአቀበት ላይ ደግሞ ትንሽ እርምጃ ብዙ ያወርዳል።

ሳህን ላይ የሚታየውንም በቁጥር መገመት እንችላለን። በማንኪያ ጀርባ የተሠራ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠርዝ ሳይንድ እንዲቆም የፍሰት ወሰኑ በግርድፉ ከእፍግታ፣ ከስበት ፍጥንጥነትና ከከፍታው ብዜት ጋር መስተካከል አለበት። 1,100 ሲባዛ በ9.8 ሲባዛ በ0.01 ከ100 ፓስካል ጥቂት ከፍ ይላል። ጠርዙ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ላይ ከቆመ ወሰኑ በግማሽ ወርዷል ማለት ነው። አንባቢ ማንኪያና ማስመሪያ ብቻ ይዞ የራሱን ሁመስ መለካት ይችላል።

እንግዲህ መፍትሔው ቀይ ሥሩን መተው ሳይሆን ውኃውን ማስወጣት ነው። 200 ግራሙን ቀይ ሥር በምድጃ ውስጥ፣ ምድጃ ከሌለ ቀቅሎና ስስ አድርጎ ቆርጦ በለዘብተኛ እሳት ምጣድ ላይ፣ ክብደቱ 134 ግራም እስኪሆን እናድርቀው። ጠጣሩ 26 ግራም ስላልተነካ ውኃው 108 ግራም ይሆናል። ከመነሻው መጠን ላይ 60 ግራሙን ቀዝቃዛ ውኃ እንተወው። ከ799 ግራም ውስጥ 453 ግራም ውኃ፣ ከመቶ 57 ገደማ፤ ወደ ተነሣንበት ተመልሰናል። ጣዕሙም ይከማቻል፣ ስኳሩም በሙቀቱ ጥቂት ይቃጠልና መዓዛ ይሰጣል።

ካሮት 88 ስለሆነ ሒሳቡ ከቀይ ሥር ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። ትልቁ ጣፋጭ ቀይ ቃሪያ 92 ነው፤ በእሳት ነበልባል ላይ ልጡ እስኪጠቁር ተለብልቦ፣ ተልጦ ወንፊት ላይ ለግማሽ ሰዓት መጥለል አለበት። ዱባም በመጠበስ እንጂ በመቀቀል አይሆንም። ቆስጣ ለአንድ ደቂቃ በፈላ ውኃ ተነክሮ፣ በቀዝቃዛ ውኃ ተለቅልቆ፣ በእጅ እስከ መጨረሻው ይጨመቃል። ስኳር ድንች ግን ተቃራኒ ጠባይ አለው፤ ውኃው ከመቶ 77 ብቻ ሲሆን ስታርቹ ሲቀዘቅዝ ስለሚጠጥር ተጨማሪ ውኃ የሚፈልገው እሱ ነው። አቮካዶ ዘይቱን ይዞ ስለሚመጣ የጠሒናውን መጠን በሲሶ መቀነስ ይቻላል። ጥሬ ቲማቲም እንዲገባ አንመክርም፤ ከመቶው 94 ውኃ የሆነን ነገር ሁመስ ውስጥ መጨመር ውኃ ከመጨመር አይለይም።

ስለ ቀለም

የቀይ ሥር ቀለም አሲድ ይወዳል፤ ቤዛዊ በሆነ ነገር ውስጥ ወደ ቢጫና ቡናማ ይለወጣል። ሽምብራው በሶዳ የተቀቀለ ከሆነ ውኃውን ደፍቶ በሚገባ ማጠብ የሚያስፈልገው ለዚህም ጭምር ነው። የካሮትና የዱባ ቀለም የሆነው ካሮቲን በውኃ ሳይሆን በዘይት ይሟሟል፤ የጠሒናው ዘይት ቀለሙን በልውሱ ሁሉ ያዳርሰዋል፣ ሰውነታችንም ከካሮቲኑ ቫይታሚን ኤ ለማግኘት ዘይቱ ይረዳዋል። አረንጓዴው አስቸጋሪ ነው። የቆስጣው ክሎሮፊል በመሐሉ የማግኒዥየም አቶም አለው፤ አሲድ ሲያገኘው ማግኒዥየሙ ይወጣና አረንጓዴው ወደ ደበዘዘ የወይራ ቀለም ይሄዳል። ሎሚውን ማስቀረት ስለማይቻል የቆስጣ ሁመስ በተሠራበት ሰዓት መቅረብ አለበት።

ሲቀርብ

ሁመስ የሚቀርበው በጎድጓዳ ሳይሆን በጠፍጣፋ ሳህን ነው። በማንኪያ ጀርባ ከመሐል ወደ ጠርዝ እየተሽከረከረ ቦይ ይወጣለትና የወይራ ዘይት ይፈስበታል፤ ቦዩ ዘይቱን የሚይዘው ቀደም ብለን ያሰላነው የፍሰት ወሰን ስላለው ነው። በሊባኖስና በሶርያ ከላዩ ሙሉ የሽምብራ ፍሬ፣ የተከተፈ ቅጠልና ቀይ በርበሬ ነስንሰው በስስ ዳቦ እየጠቀሱ ይበሉታል፤ ጥሬ ሽንኩርትና በኮምጣጤ የቆየ አትክልት ከጎኑ አይጠፋም። የተጠበሰ ሥጋ የሚያስቀምጡበትም አሉ። ለአትክልቱ ሁመስ እንደየዓይነቱ ማጀቢያ ብንመርጥ ይሻላል፦ ለቀይ ሥሩ ድንብላል፣ ለካሮቱ ከሙንና ጥቂት ሚጥሚጣ፣ ለዱባው የተቆላ ሰሊጥ፣ ለቃሪያው በሶብላ ጥሩ ነው።

በእኛ ገበታ ላይ የቅርብ ዘመዱ ቡቲቻ ነው፤ ሁለቱም ከሽምብራ፣ ከሎሚና ከዘይት ይሠራሉ። በቁስ አካላዊ አወቃቀራቸው ግን ይለያያሉ። ቡቲቻ ከዱቄት ተማስሎ ስለሚበስል የሚያረጋው የስታርቹ መረብ ነው፤ ሁመስን የሚያቆመው ደግሞ የሕዋሳቱ መጨናነቅ ነው። ቡቲቻ ሲቀዘቅዝ በቢላዋ የሚቆረጥ ያህል ሲጸና ሁመስ ግን ቀዝቅዞም መቀባቱን አይተውም። በጾም ወቅት ከስልጆና ከእልበት ጎን ቢቀመጥ እንግዳ አይመስልም።

እንጀራ ላይ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ እንዲቆይ ግን አንመክርም። የእንጀራ ዓይኖች ከሥር እንደ ስፖንጅ ውኃውን ስበው ይጠጡታል፤ እንጀራው ሲረጥብ ሁመሱ ይደርቃል። በአንጻሩ ድርቆሽ እጅግ ተስማሚ ነው። ስለሚሰባበር ለመጥቀሻ ይሆናል፣ ኮምጠጥ ያለው ጣዕሙም ከሰሊጡ ጋር ይስማማል። ትኩስ ቂጣ፣ አምባሻ፣ በቁመቱ የተቆረጠ ጥሬ ካሮት ወይም ዳቦ ውስጥ በቅቤ ፈንታ የተቀባ ሁመስ ለተማሪ የምሳ ዕቃም ይሆናል።

የተረፈው ተከድኖ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥና ከሦስት እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ይበላል። ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። በደረቅ ጠሒና ውስጥ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ባክቴሪያዎች ካሉ ውኃ ስለማያገኙ ሳይራቡ ለወራት ሊቆዩ ይችላሉ፤ ሁመስ ሲሆን ግን ውኃውንም ምግቡንም እኛው ሰጥተናቸዋል። ሰሊጡን በሚገባ መቁላት ለጣዕም ብቻ አይደለም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ከላዩ ጥቂት ውኃ ቢያጠልል ተበላሸ ማለት አይደለም፤ በማንኪያ ተማስሎ አንድ ማንኪያ ዘይት ሲጨመርበት ይመለሳል። ከገበታው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ማውጣትም ይጠቅማል፤ በጣም የቀዘቀዘ ሁመስ መዓዛው አይወጣም፣ ቦዩንም ለማውጣት ያስቸግራል።